ዲኤክሷ እና የሁምቦ ቁልቁለት

መካኒኬ ጋሼ፣ የሞተር ካንዴላ የሚያነቡት ሴቶች የቡና ሲኒ ዘቅዝቀው እንደሚያነቡት ነበር። ፈትተው ያወጡታል፤ በጨርቅ አያብሱትም፤ ወደ ብርሃን አዙረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ፍርዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔን መኪና አራት ካንዴላዎች መጀመሪያ ያነበቡት በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቀው ጋራዣቸው ደጃፍ ላይ ነው። አራቱም ጥላሸት ለብሰው ነበር።

«ይቺ መኪና ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አታቃጥልም» አሉኝ። «የት ነበረች?»

«አዲስ አበባ፣ ጋሼ። የአጎቴ ናት።»

«ታክሲ ነበረች፣ አይደል?»

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ነጭ ከተቀባችም ቆይታለች። እሳቸው ግን የበሩን ጎማ በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው ከሥሩ የተረፈውን ሰማያዊ አሳዩኝ።

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ ለገፋ አንባቢ ከዚህ በላይ መግለጫ አያስፈልጋትም። ለወጣቱ ግን ልንገረው፦ ቶዮታ በፈረንጆቹ 1979 ያወጣው የኮሮላ ትውልድ ናት፤ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ 4ኬ የሚባለው ሞተሯ 1290 ሲሲ ነው፤ ካርቡራተርና ፑንቲና አላት፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሰው የሽማግሌ መኪና ይላታል። እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የጃፓን ወጣቶች በተራራ መንገድ ላይ በጎን እያንሸራተቱ የሚነዷትን ኤኢ86 የምትባለዋን ኮሮላ በቪዲዮ አይቼ ልቤ ጠፍቶ ነበር። ያቺ መኪና በፈረንጆቹ 1983 ስትወጣ ከሥር ያለው አካሏ አብዛኛው ከዲኤክስ ትውልድ የተወረሰ ነው። እንግዲህ ዓለም የሚያብድላት ስፖርት መኪና የአጎቴ ታክሲ ታናሽ እህት መሆኗ ነው። ይህን ለጋሼ በኩራት ነገርኳቸው።

«እህትየዋ ስንት ቫልቮላ አላት?»

«አሥራ ስድስት።»

«የእኛዋስ?»

«ስምንት።»

«እንግዲህ በዝምድና አትመካ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፈጣን እንዲያደርጉልኝ ነበር የመጣሁት። ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ ዝቅ አድርገው፣ ቸርኬ ለውጠው፣ ማርሚታዋን ቆርጠው እንደሚያስጮኹ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን እኔም የሞተር ስፖርት ውድድር ላይ እሰለፋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ጋሼ ምኞቴን ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የት ልትነዳት ነው?» አሉኝ። «ፈጣን እንድትሆን ነው» አልኩ። «ፈጣን ቦታ አይደለም። የት?» አሉ እንደገና። የአርባ ምንጭን መንገድ ጠራሁላቸው።

ጥያቄው የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ያው ነው፤ የሚገባው አየር ግን ጎድሏል፤ የተረፈው ቤንዚን ጥላሸት ሆኖ ካንዴላ ላይ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሶዶም ትበልጣለች። የአጎቴ መኪና ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ለባሕር ጠረፍ ሰው እንደተሠራች ነበር ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል አርባ ምንጭ 1300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሶዶ ላይ ልክ የሆነች መኪና እዚያ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል፤ ካንዴላዋ ይነጣል፤ ሞተሯ ከሚገባው በላይ ይግላል።

ጋሼ አንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነበራቸው። ውስጡ ከሞቱ ካርቡራተሮች የተለቀሙ የነሐስ ብሎኖች ሞልተዋል፤ በላያቸው ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቀዳዳውን በመርፌ የሚያሰፉ መካኒኮችን እንደ ሌባ ነው የሚያዩአቸው፤ «የሰፋ አይጠብም» ይላሉ። ከነበረው አነስ ያለ ቁጥር መረጡና አስገቡ። ከዚያ ወደ አረካ መውጫ ነድተን፣ በሦስተኛ ማርሽ እስከ ጥግ ረግጠን፣ ፍሪሲዮን ይዘን ሞተሩን ድንገት አጥፍተን፣ መንገድ ዳር ካንዴላ እንፈታለን። እንዲህ አድርገን ስድስት ጊዜ ተመላለስን። ልጆች ከበቡን፤ አንዲት እናት ቆመው ተበላሽታባችሁ ነው ወይ ብለው አዘኑልን። በስድስተኛው ካንዴላ ላይ የገብስ ቆሎ ቀለም ወጣ። ጋሼ በወላይትኛ «ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። እሳቸው ሲያመሰግኑ ከዚህ አይበልጡም።

በነገራችን ላይ፣ ጋራዥ የገባ ሰው ሳያስበው ጣልያንኛ ይማራል። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ችንጋ፣ ካችያቢቴ፣ ጎሚስታ፤ ጣልያን ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ቃሉ ግን ግሪስ ተቀብቶ እንደ አዲስ ይሽከረከራል። ጋሼ ከመጽሐፍ የተማሩት አንድም የጣልያንኛ ቃል የለም። ከአለቃቸው ሰሙት፤ አለቃቸው ከአለቃቸው። እኔም ከእሳቸው።

ከካርቡራተሩ በላይ ያስቸገረን ዲስትሪቢዩተሩ ነው። የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ጋሼ ያስተካክላሉ፤ ሞተሩን ያዞራሉ፤ ሲለኩት ሌላ ነው። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወዝወዝ ቢያደርጉት ተንቀጠቀጠ፤ የተቀመጠበት ቀለበት በልቷል። ዘንግ ሲወዛወዝ ፑንቲናው በየዙሩ የተለያየ ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ እሳቱ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ሞተሩ ቁጭ ባለበት እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል። አዲስ ዕቃ የሚባል አልተገኘም። ቶርኖ ቤት ሄደን ከነሐስ ቀለበት አስቆረጥን፤ በዘይት ቀቅለን አስገባን። ለጊዜው አገለገለ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል አንባቢ ያዝልኝ።

ቫልቮላውን ያስተካከልነው ሞተሩ እንደጋለ ነበር። የሚያስገባው 0.20፣ የሚያስወጣው 0.30 ሚሊሜትር። ስሷ የመለኪያ ብረት ስትገባ በቅቤ ውስጥ እንደሚያልፍ ቢላ ያዝ እያደረገች ማለፍ አለባት፤ ልቅ ከሆነ ያንኳኳል፣ ከጠበቀ ቫልቮላው ይቃጠላል። ጋሼ ረጅም ካችያቢቴ ወስደው ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። እኔንም አስደመጡኝ። ምንም አልሰማሁም። «አትቸኩል» አሉ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሌላም ነገር አደረጉ፤ የተነቀለውን ቴርሞስታት መለሱ። በአገራችን መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚነቅለው ይህን ዕቃ ነው፤ «መኪና ያግላል» ይባላል። ያለ እሱ ግን ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይሮጣል፤ ቤንዚን ይበላል፤ ሲሊንደሩ ያልቃል። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

በኅዳር መጨረሻ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ስትወጣው ድምፅዋ አይሰበርም ነበር። ጉልበቷ አልጨመረም፤ 60 ያህል የፈረስ ጉልበት ይዛ ከፋብሪካ የወጣች ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከ50 አትዘልም። ያላትን መስጠት ግን ጀመረች። እኔም በዚያ ሰከርኩ።

አንድ ማለዳ ብቻዬን ወደ ሁምቦ ወረድኩ። መንገዱ ከሶዶ ከወጣ በኋላ ወደ አባያ ሐይቅ ሜዳ እየወረደ የሚሄድ ነው፤ ነግቶ ጭጋጉ ሲገፈፍ ሐይቁ ከሩቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ያንን ቪዲዮ በሐሳቤ ይዤ እያንዳንዱን ኩርባ ዘግይቼ ፍሬን እየያዝኩ፣ ሲያልቅ እየረገጥኩ ወረድኩት። መኪና ማሽከርከር የቻልኩ መሰለኝ። ሰባተኛው ይሁን ስምንተኛው ኩርባ ላይ ከፊቴ ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁና ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ወለሉን ነካ። እንደ ስፖንጅ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም።

ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ሦስተኛው ላይ ጥቂት መለሰ። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ጎተትኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ። የእጅ ፍሬን በሽቦ ስለሚሠራ ዘይቱ ቢፈላም አይመለከተውም። ከመንገዱ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። የመጨረሻዋ ጊደር ከፓራውልቱ አንድ ክንድ አትርቅም ነበር። እረኛው አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። አልሰደበኝም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን አንጠልጥሎ አየኝ፤ ከዚያ ከብቶቹን ተከትሎ ሄደ። የጎማው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ለጋሼ ሁለት ቀን አልነገርኩም። በሦስተኛው ቀን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ። እንደ ቡና ጠቁሯል። «ይህን መቼ ቀየርከው?» አሉ። ቀይሬው አላውቅም። አጎቴም ቀይሮት የሚያውቅ አይመስለኝም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርህ የሚጨምቀው ፍሬኑን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሳትና ስለ አየር ስንጨነቅ መኪናዋ እንዴት እንደምትቆም አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ ጋሼ። ከእሳቸው አፍ ይህን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሁሉንም ፈታን። የፊቱን ዲስክ አስላጥን፤ የኋላውን ታምቡር ከፍተን ሸራውን ቀየርን፤ የተሰነጣጠቁትን የጎማ ቱቦዎች ጣልን፤ በአዲስ ዘይት አየሩን አስወጣን፤ እኔ ፔዳል እረግጣለሁ፣ እሳቸው ከሥር ይፈታሉ፣ «ያዝ!» ይላሉ፣ ያጠብቃሉ። ከዚያ ጎማዎቹን በሲባጎ አስተካከሉ። የፊት ጎማዎቹን በኖራ ምልክት አድርገው ከፊትና ከኋላ ለኩ፤ ከፊት በአንድ ሁለት ሚሊሜትር እንዲጠብ አደረጉት። መኪናዋ ከዚያ በኋላ መሪዋን ብለቀውም ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ሁምቦን ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ መውረድ ተማርኩ። ያን ቁልቁለት ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ ሾፌሮች ስንት እንደሆኑ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

ውድድር አልገባሁም። ሶዶ ላይ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ የለም፤ መንገዱ ደግሞ የእረኛው ነው።

መኪናዋ አንድ ትልቅ ቀን ግን አሳልፋለች። መጋቢት 2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለባችን ወላይታ ድቻ ካይሮ ላይ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አሸንፎ ከኮንፌዴሬሽን ካፑ ሲጥለው ከተማው እንዳለ አስፋልት ላይ ወጣ። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ አይሱዙው፣ ሁሉም ጡሩምባ። እኔ ጋሼን አስቀምጬ በአንደኛ ማርሽ ከሕዝቡ ጋር ስሳብ አመሸሁ፤ ኮፈኗ ላይ ሦስት ልጆች ተቀምጠው ነበር። በየቦታው ራዲያተሩ የፈላበት መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። የእኛ ሙቀት መለኪያ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ጋሼ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጨዋታውንም ሕዝቡንም ትተው መለኪያውን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ ሰው የናቃት ዲኤክስ ዋጋዋ ሽቅብ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና አይገባም አለ። በጋሼ ጋራዥ አጠገብ ባጃጅ ብቻ የሚሠሩ ልጆች ከፈቱ፤ ካርቡራተር የሚፈታ እያነሰ ሄደ።

የጋሼ ዓይን ደከመ። ባለፈው መስቀል ማግስት ካንዴላዎቹን ፈትቼ አንዱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አገላበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰሱት።

«ምን ትመስላለች?»

«የገብስ ቆሎ፣ ጋሼ።»

«ሎኦ።»

የነሐሱ ቀለበት ግን እንደገና በልቷል፤ ቶርኖ ቤቱም ዘንጉ ራሱ ስላለቀ ከእንግዲህ አይሆንም ብሎኛል። ከእናንተ መካከል መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠው፣ ዘንጉ ያልተወዛወዘ፣ ባለ ፑንቲና የ4ኬ ዲስትሪቢዩተር ያለው ሰው ካለ፣ ሶዶ መናኸሪያ ወርዶ ነጯን ዲኤክስ ብሎ ይጠይቅ። በዋጋው አንጣላም።