ፈርነሱን ኢንተርቪው ያደረግኩ ዕለት

ጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ አሜሪካ መጥቼ፣ ምግብ አመላላሽ መሆኔን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁም ይኸው አወቃችሁ። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «ጋዜጠኛዋ» ነው የምትለኝ። እንግዳው ወዲያው «የት ነው የምትሠሪው?» ይላል፤ እኔም ጀበናው እንዳይገነፍል ለማየት ብድግ እላለሁ።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ደንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ውስጥ ነው። ሐበሻው ብዙ ነው፣ እንጀራው እንደ ልብ ነው፣ ብርዱ ግን … ኧረ ተዉኝ! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2022 አመሻሽ ላይ ደንቨር አየር ማረፊያ የተለካው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ 37 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ከዜሮ በታች 24 ደረሰ። በኛ ሴልሺየስ ሲመነዘር ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። የኛ ፈርነስ ሥራ ለማቆም ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የመረጠው ይህንኑ ሌሊት ነበር።

አክስቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት። ቤት ውስጥ እኔና እማማ (አያቴ ናቸው፤ 79 ዓመታቸው ነው፤ አስም አለባቸው) ብቻ ነን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እማማ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ክፍሌ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ከሰል የለም እንዴ እዚህ አገር?» አሉኝ።

ከሰሉ አለ። ለበጋ ጥብስ የተገዛ ግማሽ ከረጢት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። እማማም የት እንዳለ ያውቃሉ። በሩን በዘጋጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ምን እንደሚያመጣ እኛ ለኛ መቼስ አንነጋገርም፤ አገር ቤት ይህን ዓይነት ለቅሶ ያልደረሰ ማን አለ? ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «እማማ፣ እንኳን ከሰል ክብሪትም የለም» ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ከረጢቱን አውጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ጠዋት ባለሙያ መጣ። ምድር ቤት ወረደ፣ የፈርነሱን በር ከፈተ፣ ቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ቀይ መብራት አየ፣ ዕድሜውን ጠየቀ። 19 ዓመት። «ኮንትሮል ቦርዱ ሞቷል፤ በዚህ ዕድሜው ሌላውም ይከተላል፤ አዲስ ፈርነስ ግዙ» አለ። 7,800 ዶላር፣ በወር በወር የሚከፈል። ጠቅላላ ቆይታው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ወረቀቱን አክስቴ እንድትፈርም ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ። አክስቴ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ አድራ ገና መግባቷ ነው፤ እስክሪብቶ አነሣች።

«ቆይ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ብቻ ሰውዬው ምንም ነገር ሲለካ አላየሁም። በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አይሠራም ተብሎ አይደል አራት ዓመት የተጨቀጨቅነው?

ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጋሼ አሉ። አሁን ታክሲ ነው የሚነዱት፤ አገር ቤት ሳሉ ግን የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ቴስተራቸውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። «ቦርድ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው» አሉ ገና ደረጃውን ሳይወርዱ። «ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ በቦርድ ያሳብባል። እስቲ በተራ እንጠይቀው።»

ወገን፣ ፈርነስ ማለት ለካ ቀበሌ ነው! ምንም ነገር ያለ ተራው አይሠራም። መጀመሪያ ቴርሞስታቱ በ24 ቮልት «በርዶናል» ብሎ ያመለክታል። ቦርዱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ጭሱን ወደ ውጭ የምትገፋውን ትንሽ ፋን ያስነሣል። ፋኗ በትክክል መሳቧን ፕሬሸር ስዊች የሚባል ዘብ አይቶ ይፈርማል። ከዚያ ቦርዱ ለማቀጣጠያው 120 ቮልት ይልካል፤ ማቀጣጠያው እንደ ምጣድ ሽቦ ይግላል፤ ቀጥሎ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፤ እሳት ይያያዛል። እሳቱ መኖሩን የሚመሰክር ዘንግ ደግሞ አለ። እሱ ካልመሰከረ ቫልቩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። ትልቁ ፋን ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚነዳው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የኛው ፋኗ ታጉረመርማለች፣ ትንሽ ይቆያል፣ ጠቅ ይላል … ዝም። እንደገና። ከዚያ ራሱን ይዘጋል። በሩ ውስጥ በተለጠፈው ሠንጠረዥ መሠረት የቀይዋ መብራት ትርጉም «አልተቀጣጠለም» ነው። ልብ በሉ፣ «ቦርዱ ሞቷል» አይልም። ሰውዬው ያነበበው ቅሬታውን ነው፤ ፍርዱን የጨመረው ከራሱ ነው።

ጋሼ ይለካሉ፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከቴርሞስታቱ 25 ቮልት ገብቷል። ቦርዱ ላይ ያለችው ሐምራዊ የ3 አምፔር ፊውዝ ደህና ናት። (ይቺ ተቃጥላ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በጥቂት ዶላር ያልቅ ነበር፤ ጸልዬ ነበር።) ፕሬሸር ስዊቹ ፈርሟል። ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጡት ስዊቾች ሁሉ ዝግ ናቸው፣ መሆን እንዳለባቸው። እሳቱ ተያይዞ ወዲያው የሚጠፋ ቢሆን ዘንጉን በብረት ሱፍ ጠርገን እንገላገል ነበር፤ የኛ ግን ከነጭራሹ አልተያያዘም። ማቀጣጠያውን ነቅለው ሬዚስታንሱን ለኩት፤ 58 ኦህም፣ ጤነኛ። ስንጥቅም የለበትም።

«እንግዲህ ቦርዱ የሚልክለትን እንይ» አሉ። ቦርዱ ራሱ የሚቀበለው 121 ቮልት ነው። አሁን የማቀጣጠያው ሶኬት ላይ ቴስተሩን ሰክተው እንደገና አስነሡት። ፋኗ ዞረች። ዘቡ ፈረመ። ጠቅ። ዜሮ። ደግመን አየነው፤ ዜሮ።

መብራት ገብቷል፣ ማመልከቻ ገብቷል፣ ፊርማ ገብቷል፤ የሚወጣ ነገር የለም። ይህን ቢሮ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ።

(ይህን ስታነቡ ቴስተር ፍለጋ እንዳትሮጡ። የፈርነሱ በር ሲከፈት መብራቱን የሚያቋርጥ ስዊች አለው፤ ጋሼ እሱን በእጃቸው ይዘው ነው የለኩት፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ውጡና ውጭ ሆናችሁ ደውሉ።)

ብሬከሩን አጥፍተን ቦርዱን ስንፈታው ከኋላው አንዱ ሪሌ ሥር ስታኞው ዙሪያውን ተሰንጥቋል፣ አካባቢው ቡኒ ሆኗል። 19 ዓመት ሲግልና ሲበርድ የኖረ ነገር ነው። እና ባለሙያው? ትክክል ነበር። ቦርዱ ሞቷል! ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሌባ ነው ብዬ ልጽፍበት አርእስት ሁሉ አውጥቼ ነበር። አልዋሸም፤ ብቻ ሳይጠይቅ መለሰ፣ ከዚያ አንድ ቦርድ ያጣውን ቤት ሙሉ ፈርነስ አስገዝቶ ሊሄድ ነበር።

ቦርዱን በቁጥሩ ፈልገን 190 ዶላር ገዛነው። የገና ሰሞን ስለነበር ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀ። እነዚያን አምስት ቀናት ሦስታችንም በእማማ ክፍል ተኛን። ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረን፤ እያንዳንዱ 1,500 ዋት ስለሚበላ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁለተኛው ከኩሽና መስመር ሲመጣ ደግሞ ምጣድ አይታሰብም። ቧንቧው እንዳይበርድ ውኃውን እያንጠባጠብን አደርን። እማማ በየሌሊቱ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ እሰማለሁ፤ ወረቀቱን ባስፈርማት ኖሮ ነገ ይሞቃቸው ነበር እላለሁ። አክስቴም ይህንኑ እያሰበች መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ያ ዝምታ ከብርዱ ይብስ ነበር።

ቦርዱ የመጣ ዕለት ከመንቀላችን በፊት ሽቦዎቹን ባነሣሁት ፎቶ እያየን አንድ በአንድ መለስናቸው። ጋሼ ብሬከሩን አበሩ። ፋኗ ታጉረመረመች። ጠበቅን። በትንሿ መስታወት ውስጥ ማቀጣጠያው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ብርቱካን ሆነ፣ ከዚያ ጠቅ … እና ሰማያዊው እሳት ከዳር እስከ ዳር እየተቀባበለ ሮጠ። ጋሼ ቴስተራቸውን በጨርቁ መጠቅለል ጀመሩ። እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ላይ ሮጥኩ።

እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ወደ ግድግዳው ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«የምን ጫጫታ ነው ደግሞ ይሄ?» አሉ። «ሰው አያስተኛም።»