ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሙዚቀኛው ነበር

የካሊፎርኒያው ባንድ «ዘ ሬዚደንትስ» አባላቱ እነማን እንደሆኑ ሳይነግር ነው ስም ያወጣው። እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤስኪሞ» የተሰኘው አልበም ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የቆሙት ሱፍ የለበሱ፣ ረጅም ኮፍያ የደፉ፣ ጭንቅላታቸው ግዙፍ የዓይን ኳስ የሆነ አራት ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ ውል የሚዋዋለው፣ ለጋዜጠኛ መልስ የሚሰጠው ማን ነበር? «ክሪፕቲክ ኮርፖሬሽን»።

ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ሃርዲ ፎክስ ለአሥርተ ዓመታት የባንዱ ሥራ አስኪያጅ እንጂ አባል እንዳልሆነ ሲናገር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ዋናው የዜማ ደራሲ እሱ ራሱ እንደነበር ገለጠ። ለገዛ ሥራው የሚቸረውን አድናቆት ያን ሁሉ ዘመን እንደ ባዳ ቆሞ መስማት ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል! ዜማው ከፊት እንዲቀድም የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 አረፈ።