ጓዳ ውስጥ ያለውን ሰው ማን ያገኘዋል?

"ለአእምሮ ሕመም ጥናት ሰው ጠፋ" ሲባል ብዙዎቻችን "ሕዝቡ ስላልገባው ነው" እንላለን። እኔ ግን አይመስለኝም።

ቡታጅራን ተመልከቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋገሩ። ሐኪም ቤት ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት ዞሩ፣ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቁ። ለምን ቢባል፣ ብዙው ታማሚ ወይ ጓዳ ነው ያለው፣ ወይ ጠበል።

እስቲ አሁን በእናቱ ቦታ ሁኑ። መዝጋቢው በር ላይ ሲቆም ጎረቤት ያያል። ያላገባች ልጅ አለቻት፤ "የዘር ነው" ይባልባታል። "ሕክምናውን በዕጣ ነው የምንመድበው" ስትባል ደግሞ "በልጄ ዕጣ ሊጣጣሉበት ነው?" ትላለች። ቀጠሮው ሲመላለስ የትራንስፖርቱ ብር አለ፣ የሚያልፋት የገበያ ቀን አለ። እምቢ ያለችው ሒሳቡን ሠርታ ነው።

እሷ ከቀረች ግን ጥናቱ የሚያወራው መምጣት ስለቻሉት ብቻ ይሆናል። የልጇ ዓይነት ሕመምተኛ ሳይጠየቅ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ስለዚህ ጥናት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ፎርሙን ከማስፈረማችሁ በፊት ቡናዋን ጠጡ። የትኛው ሕክምና እንደሚሻል እናንተም ገና ስላላወቃችሁ ዕጣ እንዳስፈለገ ንገሯት። እምቢ ብትል የልጇ ሕክምና እንደማይቋረጥም ንገሯት፤ እውነትም አታቋርጡበት። እሺታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።