ፍተሻውን ያለፈችው ቀለበት

የመኪና መለዋወጫ አቅራቢዎች የጥራት ወጪያቸውን እንዴት እንደሚያሰሉ ለማጥናት በደቡብ ጀርመን ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ በሄድኩበት ዕለት፣ ከሒሳብ መዝገቡ ይልቅ ቀልቤን የሳበው የአንዲት የብረት ቀለበት የፍተሻ ሪፖርት ነበር። ቀለበቷን የለካው ሲ.ኤም.ኤም. የሚሉት ማሽን ነው፤ ጫፉ ላይ የሩቢ ኳስ ባለው ቀጭን ዘንግ የዕቃውን ገጽ እየነካ የየነጥቡን ቦታ በሦስት አቅጣጫ ይመዘግባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል፦ የክብነት ስሕተት 12 ማይክሮን፣ የተፈቀደው 15 ማይክሮን፣ አልፏል።

እኔ በዚህ እረካ ነበር፤ ሙያዬ ያስለመደኝ ይህንኑ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪው ግን ቀጣዩን ገጽ ገልጠው ሥዕሉን አሳዩኝ። ክብ ይሆናል ያልኩት መስመር ሦስት ጉብታ አውጥቷል። ቀለበቷ ስስ በመሆኗ የቶርኖው ሦስት መንጋጋዎች አጥብቀው ሲይዟት ትጎብጣለች፤ እንደጎበጠች ክብ ተደርጋ ትቆረጣለች፤ ሲለቋት ወደ ቀድሞ ቅርጿ ስትመለስ ቁርጡ ይዛባል። ከሁለት ወገን ይዞ ዲያሜትር የሚለካ ማይክሮሜትር ይህን ጉድለት ብዙውን ጊዜ አያገኘውም፤ ስፋቱ በየአቅጣጫው ተቀራራቢ ነውና። ከኩሽኔታ ጋር ስትገጠም ግን ጫናው በሦስቱ ጉብታዎች ላይ ያርፋል። ከ“12 ማይክሮን” ይህን የሚያነብ የለም። ተቆጣጣሪው ግን ሥዕሉን አይተው ወዲያው ወደ ቶርኖ ክፍል ደወሉ።

ሥዕልም ያታልላል። ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ልዩነት ለዓይን እንዲታይ ሺህ ጊዜ ሲጎላ ደህናዋ ቀለበት የተጨፈለቀ ድንች ትመስላለች። ፕሮግራሙ ማጉያውን ለየዕቃው በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ደግሞ 2 ማይክሮን የተሳተችውና 12 ማይክሮን የተሳተችው ጎን ለጎን እኩል የተጣመሙ ይመስላሉ። እኒህ ሰው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ማጉያ ይጠቀማሉ፤ የተፈቀደውን ወሰን የሚያሳዩትን ሁለት ክቦችም አብረው ያስላሉ። አንዳንድ ደንበኞች ወረቀት በዛ ብለው ሥዕሉን እንደሚያስወጡት ሲነግሩኝ ሳቅ አሉ። እኔ አልሳቅኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተቋም ባዘጋጀሁት ጥናት፣ አነስተኛ ነጋዴዎች ብድር ለማግኘት የሚጠብቁትን ጊዜ በአማካይ አቅርቤ ነበር። የሥርጭቱ ግራፍ ሁለት ጉብታ ነበረው፦ ብዙዎቹ ፈጥነው ያገኛሉ፤ ዋስትና የሌላቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ እጅግ ይዘገይባቸዋል። አማካዩ ያረፈበት ቦታ ላይ ግን ማንም የለም ማለት ይቻላል። አዘጋጁ ገጽ ለመቆጠብ ግራፉ ይውጣ ሲሉ ተስማማሁ። ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን፣ አማካያቸው አንድ ሆኖ ሲሣሉ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ አራት የመረጃ ስብስቦች ለተማሪዎቼ የማስተምር እኔ ነኝ ያውም። አማካዩ መልካም ነው ተባለ፤ የዋስትናው ደንብም ሳይነካ ቀረ።

ባለፈው ወር ጥናቱ ይታደስ ሲባል፣ ግራፉ በመጀመሪያው ገጽ ካልገባ ስሜ አይግባ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ገና አልመጣም።