ስለ ፏፏቴያችን ውኃ መቀነስ

የሰው አመል ሥራውን ይመስላል። እኛም በወልድያ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ክስና መልስ ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆንን፥ ነገር በደረሰብን ጊዜ እጃችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ብዕር ነው። ይህ ልማድ ከመልካም ጎረቤት ጋራ ሊያጣላን ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

ቤታችን ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ ነው። አገሩ ሞቃት ስለ ሆነ ውኃ ካገኘ ፓፓያውም ማንጎውም ይስማማዋል። ከቤታችን በላይ ካለችው ትንሽ ምንጭ በፕላስቲክ ቧንቧ ውኃ ስበን፥ በግቢያችን መካከል አነስተኛ ፏፏቴ አሠርተናል፤ ከገንዳው የሚተርፈውም ወደ ባለቤታችን የጎመንና የቃሪያ መደብ ይወርዳል። ጎረቤታችንም ለፓፓያው የሚስበው ከዚያችው ምንጭ ነው።

ባለፈው ኅዳር፥ አንድ ክንድ ያህል ይዘል የነበረው ውኃ እየደከመ ሄዶ ጠብታ ብቻ ሆነ፤ ጎመኑም ጠወለገ። ጎረቤታችን በዚያው ሰሞን አዲስ ቧንቧ ዘርግቶ ነበርና፥ ያለ ጥርጥር ውኃችንን ወሰደብን ብለን ፈረድንበት፤ በዚያም ሌሊት ሁለት ገጽ ክስ ጻፍን። ባለቤታችን ካነበበችው በኋላ፥ «ምስክርዎ ማን ነው?» ብላ ብትጠይቀን መልስ አጣን።

በማግስቱ የመስኖውን ተራ የሚያካፍሉትን ሽማግሌ፥ የውኃ አባት የሚባሉትን፥ ጠራናቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን ሳይቀበሉ፥ «ልጄ፥ ቅድሚያ ከምንጩ እስከ ገንዳው አብረን እንሂድ» አሉን። ጎረቤታችንም ነገሩን ሳያውቅ ዶማውን ይዞ ሊረዳን መጣ።

የጎረቤታችን ቧንቧ ድርሻውን እየወሰደ ሳለ፥ ለእኛ በሚተርፈው ውኃ ሥር 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ብንደቅን በአንድ ደቂቃ ሞላ። በግቢያችን ግን የፏፏቴውን ጫፍ ነቅለን ብንለካው፥ ያው ጀሪካን ሩብ ሰዓት ፈጀ። እንግዲህ ውኃው የቀረው በመንገድ ነበር።

መንገዱን ብንመረምር ሦስት ጥፋት አገኘን። አንደኛው፥ በቧንቧው አፍ ያለው ወንፊት ክረምቱ ባመጣው ቅጠልና ደለል ተደፍኗል፤ ጠረግነው። ሁለተኛው፥ ቧንቧው በአንድ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ አየር በዚያ ታስሯል። ውኃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ቢወርድም እንኳ ወደ ምንጩ ከፍታ ተመልሶ ለመድረስ ይገፋል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፥ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ውኃ ያመጣው በዚሁ ሕግ ነው። ነገር ግን አየር በጉብታ ላይ ከተሰበሰበ መንገዱን ያጠብበዋል፥ ኀይሉንም ያደክመዋል። ስለዚህ ድንጋዩን ፈንቅለን፥ ቧንቧው ሳያጎብጥ እንዲወርድ አድርገን ቀበርነው። ሦስተኛው፥ የፏፏቴው ጫፍ ቀዳዳዎች ኖራ በሚመስል ነጭ ነገር ጠብበዋል፤ ይህንንም በሎሚ ጭማቂ አሳድረን በመርፌ ጠረግነው። በማግስቱ ውኃው እንደ ቀድሞው ዘለለ።

ጎረቤታችን እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ቧንቧችንን ሲይዝልን ባየን ጊዜ እጅግ አፈርን፤ ስለ ክሱም ሳንደብቅ ነገርነው። እርሱ ግን ስቆ፥ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው» አለን። ክሱን ባለቤታችን እሳት ማያያዣ አደረገችው።

እንግዲህ የቤት ጌቶች ሆይ፥ ውኃችሁ ሲቀንስ ከምንጩ ጀምራችሁ እስከ ጫፉ በተራ መርምሩ፤ በምንጩና በግቢው የሚወርደውንም ለክታችሁ አስተያዩ። ጎረቤትን መጠርጠር የሚገባው፥ ቢገባም፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ በዳኞች ፊት ያለ ምስክር ፍርድ እንደማይሰጥ በየቀኑ ስንጽፍ ኖረን፥ በገዛ ቤታችን ዘንግተነው ነበር። አሁን ግን ክረምቱ ባለፈ ቍጥር ከጎረቤታችን ጋራ ወደ ምንጩ ወጥተን ሁለቱንም ወንፊቶች በአንድነት እንጠርጋለን።