ጓዝ ሳይበዛ ወደ ጉና

ጋፋት ዛሬ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጉብታ ነው፤ ማሳና ባሕር ዛፍ ከብቦታል። ፎቶ ለማንሳት የመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ወደ ጉና ተራራ ከመውጣታችን በፊት እዚህ መቆማችንን ወድጄዋለሁ፤ ስለ ጓዝ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት እዚሁ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይሆናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉና መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

ወዳጄ ሻንጣውን ከመኪና ሲያወርድ፣ "ይሄን ደግሞ ማን ሊጎትተው ነው?" አልኩት። ሁለት ካሜራ፣ አንድ ረጅም ሌንስ፣ የብረት ትራይፖድ። እግሩ ላይ ግን ሸራ ጫማ ነው ያደረገው። ፎቶ አንሺዎች አብዛኞቻችን እንዲህ ነን፤ ገንዘባችን ካሜራው ላይ ያልቅና ለእግራችን የሚተርፍ ሳንቲም አይኖርም። ለደጋ ጉዞ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ገላ፣ ካሜራው መጨረሻ።

ደብረ ታቦር ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በእኛ አገር ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ያንን ብርሃን የፈለገ ሳይነጋ ወጥቶ፣ ቦታ ይዞ መጠበቅ አለበት። ሰውን የሚጎዳው ደግሞ መራመዱ ሳይሆን መቆሙ ነው። ዳገቱ ላይ ያላበው ገላ ቆሞ ሲጠብቅ ይበርደዋል፤ ስለዚህ ጃኬቱን ሲወጡ አውልቆ፣ ሲቆሙ መልበስ ነው።

ልብሱን አዲስ ሱቅ መፈለግ አያስፈልግም። ቦንዳ ተራ ሄዶ መቆፈር ነው። ሻጩ ሁሉንም "ንጹሕ ሱፍ ነው" ይላል፤ እኔ ደግሞ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሳለሁ። እውነተኛ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሻጮቹ መጀመሪያ ይቆጡኛል፣ ኋላ ራሳቸው ክብሪት ያቀብሉኛል። የላባ ጃኬት ካገኙ ቀላልና ሞቃት ነው፤ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም። ለክረምት ጉዞ አልመክረውም።

ጋቢን በተመለከተ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ጋቢ ለቤትና ለደረቅ ሌሊት ወደር የለውም፤ ግን ጥጥ ነው፤ ጤዛ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጠፋል። የበግ ፀጉር ባና ከረጠበም በኋላ ያሞቃል። የደጋ እረኛ ባና የሚደርበው ገንዘብ ስላነሰው አይደለም። (አረቄም ብርድ ያስረሳል እንጂ አያሞቅም፤ ደሙን ወደ ቆዳ ያመጣና የሆድን ሙቀት ያስወጣል።)

ለካሜራው ያገለገለ ይበቃል። ሲገዙ ሌንሱን አውልቆ በስልክ መብራት ከኋላ ወደ ፊት ማየት ነው፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ክር ከታየ ሻጋታ ገብቶታል፣ በርካሽም ቢሆን ይቅርብዎ። እርጥበት ያለበት ቦታ የኖረ ሌንስ ሁሉ ይህ ያሰጋዋል። ትንሿ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ በጭለማም ትሠራለች፤ የቡሄን ችቦ ለማንሳት ከትልልቆቹ እሷን እመርጣለሁ። ገንዘብ መቆጠብ የማይገባው ባትሪ ላይ ነው። ብርድ ውስጥ የባትሪው ኬሚካል ይዘገያል፣ ሙሉ የነበረው ድንገት "አለቀ" ይላል። አውጥቶ ብብት ሥር ትንሽ ካሞቁት ይነሣል። እኔ መለዋወጫውን ከሸሚዜ ሥር፣ ገላዬ ላይ ነው የማሳድረው።

ትራይፖዱን ክምር ድንጋይ ከተማ ትተነው ወጣን። በምትኩ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ባቄላ ገዝቼ በጨርቅ ከረጢት ሰፍቼው ነበር። "ለዘር ነው ለንፍሮ?" አለችኝ ሻጯ። "ለካሜራ ነው እትዬ" ስላት ሳቀች፣ አንድ እፍኝም መረቀችልኝ። ከረጢቱ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል፣ ካሜራው ሰምጦ ይቀመጥበታል፣ ነፋስ አያነቃንቀውም። አስታ የተባለውን ቁጥቋጦ አልፈን ጅብራ የተባለው የደጋ ተክል ካለበት ስንደርስ ገና ድንግዝግዝ ነበር። የጅብራው ቅጠሎች ጠርዝ ላይ ውርጩ ነጭ መስመር ሠርቷል። መንገድ የመራን ልጅ፣ "ጋሼ፣ ፀሐይ ስትነካው ወዲያው ይሟሟል፣ ይፍጠኑ" አለኝ። እውነቱን ነው። ከረጢቱን መሬት ላይ ጥዬ፣ ባናዬን አንጥፌ በሆዴ ተኛሁ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነጩ መስመር ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ውሃ ሆኖ ተንጠባጠበ። ወዳጄ ሸራ ጫማው ርሶ እግሩን እያነቃነቀ ስለነበር ያነሣቸው ሁሉ ደብዝዘዋል።

ስንወርድ ያደርንበት ቤት ገባን፤ እሳት ተያይዞ ቡና እየተፈላ ነበር። ካሜራዬን ከመግባቴ በፊት ደጅ ላይ በፌስታል ጠቅልዬ አፉን ቋጠርኩና በሩ ሥር አኖርኩት፤ ቀዝቃዛ ዕቃ ሞቃት ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል፣ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቅር ብዬ ነው። የቤቷ እመቤት፣ "ምነው፣ እሱንም ብርድ መታው?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ።" ወዳጄ የራሱን እሳቱ አጠገብ አውጥቶ ሌንሱን በሹራቡ እጅጌ እየወለወለ ነው፤ በጠረገ ቁጥር መልሶ ይጋረዳል። ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ፌስታሌን አዩና ከጓዳ አንድ ባዶ ፌስታል አምጥተው ሰጡት።