የሰማያዊው ጠርሙስ ወይንና የቀጂው እጅ

ዛሬ ስለ ወይን ልጻፍ። ፖለቲካ የለመዳችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ወደዚያው እንደርሳለን።

ሰሞኑን ለሰንበት ማዕድ የገዛሁት ባርተኑራ ሞስካቶ ይባላል። ኮሸር የሆነ የጣሊያን ነጭ ወይን ነው፤ በሰማያዊ ጠርሙሱ ከሩቅ ይለያል። ስሙን ያገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የሚሽና ተርጓሚ፣ ከጣሊያናዊው ረቢ ኦቫድያ ዘበርቲኖሮ ነው። አልኮሉ 5 በመቶ ነው፤ ከቢራ አይበልጥም።

ቀዝቅዞ ሲቀዳ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል። ሽታው ኮክና የብርቱካን አበባ ያስታውሳል። ጣፋጭነቱ ይበረታል፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ቶሎ ይጠፋል። ጌሾ በእናቴ ጠጅ ላይ የሚተወው ምሬት እዚህ የለም። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ተስማማ፤ ስኳሩ የበርበሬውን ትኩሳት ያበርደዋል። ከአስር ስድስት እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በሕጉ መሠረት የኮሸር ወይንን ከመጭመቅ እስከ ማሸግ የሚነካው ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ብቻ ነው። «መቩሻል»፣ ማለትም የተፈላ ከሆነ ግን ማንም ቢቀዳው ኮሸርነቱ አይጠፋም።

በ2018 እ.ኤ.አ. እዚህ እስራኤል ባለ አንድ ትልቅ የወይን ፋብሪካ፣ የቤተ እስራኤል ልጆች የሆኑ ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ ተብሎ ከቦታቸው ተነሡ። የኮሸር ማረጋገጫ ሰጪው አካል አይሁዳዊነታቸውን ተጠራጥሮ ነው። ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው አወገዙት። አባታቸው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ደግሞ ገና በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑ ናቸው።

«ይህ ሕግ እንጂ ዘረኝነት አይደለም» የሚል አይጠፋም። የመንካትን ሕግ እኛም እናውቀዋለን። ጎንደር ላይ አባቶቻችን የ«አትንኩኝ» ሥርዓት ነበራቸው፤ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የተነካካ ሰው ውኃ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ ክርክሬ ከሕጉ ጋር አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው የእያንዳንዱን ሰው እምነትና ሰንበት አከባበር ነው። እዚያ ፋብሪካ ግን የተጠረጠረው ሕዝብ በጅምላ ነው፤ ያውም ከ45 ዓመት በፊት ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ ተቀስቅሶ።

«የተፈላውን ግዙና ተገላገሉ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። መፍላቱ ወይኑን ከእንግዳ እጅ ያድነው ይሆናል። እኔ ግን በገዛ ማዕዴ ኪዱሽ የምባርክ አባወራ እንጂ እንግዳ አይደለሁም። ይህን ምክር ከተቀበልኩ፣ በእጄ ላይ የተነሣውን ጥርጣሬ ራሴ ፈረምኩለት ማለት ነው።

ስለዚህ ወይን ስገዛ ከዋጋው በፊት ጠርሙሱን አዙሬ ማኅተሙን አነባለሁ። በእኔ እጅ የሚጠራጠር አካል ያተመበት ከሆነ፣ ጣዕሙ ከአስር አስር ቢያገኝም እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቀራል። እናንተም ገንዘባችሁ ነውና አንብባችሁ ግዙ።